እሳት ጠባቂዋ

ውዳሴ ባሕር አይታ አታውቅም። ትልቅ ውኃ ያየችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቡሬ ካምፓስ ስትማር ከክፍሏ ልጆች ጋር ጢስ ዓባይ የሄዱ ዕለት። ያም ሆኖ በዚያ ክረምት ዓይኗን በከደነች ቁጥር ባሕር ይታያት ጀመር። ከአባቷ ወፍጮ ቤት ጀርባ ያለው የበቆሎ ማሳ ቀስ ብሎ ውኃ ይሆናል፤ ከውኃው መካከል አራት የብረት እግሮች ይወጣሉ፤ በእግሮቹ ላይ ሰፊ መድረክ ይዘረጋል፤ በመድረኩ ላይ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ብረት ይበይዳል። ሰውየው ቀና አይልም፣ እሷም አትጠራውም። ዝም ብላ ከኋላው ትቆማለች።

እንዲህ ያለ ሕልም ለቡሬ ገበሬ ልጅ ከየት መጣ ያላችሁ እንደሆነ፣ ነገሩ የተጀመረው ከአንድ የተሰነጠቀ ብረት ነው።

አባቷ አቶ ቢሰጥ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር በርበሬና በቆሎ የሚያመርቱ፣ ደህና የሚባሉ ገበሬ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወፍጮ ተክለዋል። ውዳሴ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሙሉ ፍኖተ ሰላም እየተመላለሰች የሥራ ማስታወቂያ ስታነብ ከረመችና፣ ሲሰለቻት ወፍጮውን ያዘች። የምረቃ ፎቶዋን ግድግዳ ላይ ሰቅላ፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ የአገሩን እህል ትፈጫለች። በሐምሌ መጀመሪያ ታዲያ የወፍጮው ማቆሚያ ብረት ተሰነጠቀ። የቡሬ በያጆች ሦስት ጊዜ በየዱት፤ ሦስቴም ተላቀቀ። በመጨረሻ አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ ዐረብ አገር ባሕር ላይ ሲሠራ ኖሮ የመጣ በያጅ ቡሬ ውስጥ አለ ብሎ ነገራቸው። አቶ ቢሰጥም ባሕር ላይ ደግሞ ምን የሚበየድ ነገር አለ እያሉ፣ ቸግሯቸው አስመጡት።

ይሄይስ ይባላል። ትውልዱ ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም ነው። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ አንገቱ ላይ ጥቃቅን የእሳት ጠባሳ ያለበት ሰው። ወፍጮ ቤቱ ሲገባ ብረቱን ከማየቱ በፊት ግድግዳውን በጣቱ ዳሰሰ፤ ጣቱ ላይ የቀረውን የዱቄት ብናኝ አየና እሳት ጠባቂው ማን እንደሆነ ጠየቀ። አቶ ቢሰጥ አልገባቸውም። የዱቄት ብናኝ እሳት ከነካው እንደ ነዳጅ እንደሚቀጣጠል፣ እሱ ደግሞ ማስኩን ካጠለቀ ከብረቱ በቀር ምንም እንደማያይ፣ ስለዚህ ውኃ ይዞ ከኋላው የሚቆም ሰው እንደሚያስፈልገው አስረዳቸው። ባሕር ላይ፣ ያለ ጠባቂ እሳት የለኮሰ በያጅ በማግሥቱ ወደ አገሩ ይሸኛል አለ። አቶ ቢሰጥ ከት ብለው ሳቁና ልጃቸውን ጠሩ።

ውዳሴ ባልዲ ሙሉ ውኃ ይዛ መጣች።

«ብርሃኑን አይዩት፤ ዓይን ይጎዳል» አላት ይሄይስ። «የሚወድቀውን ፍንጣሪ ብቻ ይከታተሉ።»

«አንቱ የምትለኝ እኔን ነው?»

«አላውቅዎትማ።»

ሳቋ መጣ፤ ግን ዋጠችው። ወለሉን ውኃ አርከፈከፈችና ከኋላው ቆመች። ፍንጣሪው እየዘለለ በእርጥቡ መሬት ላይ ሲጠፋ ስታይ፣ ሳታስበው ዓይኗ ወደ ትከሻው ሄደ። እጁ አይንቀጠቀጥም። አተነፋፈሱ እንኳ የተለካ ነው። ሥራውን ጨርሶ ማስኩን ሲያወልቅ ባልዲዋን አንስታ ልትወጣ ስትል አስቆማት።

«እኔ ጨረስኩ። እርስዎ ግን ግማሽ ሰዓት ይቀርዎታል።»

እሳት የሚያታልለው ጠፋ ሲሉት ነው፤ አንዲት ፍንጣሪ ጥግ ውስጥ ተሸሽጋ ቆይታ፣ ሰው ዘወር ሲል ትነሳለች። ስለዚህ ጠባቂ ብየዳው ካለቀ በኋላ ግማሽ ሰዓት ከቦታው አይነቃነቅም። ደንብ ነው። ውዳሴ ውጪ አህያ ጭነው የሚጠብቁ ሰዎች እንዳሉ ነገረችው፤ እሱ ግን በደንቡ ጸና። እሱም ብቻዋን ትቷት መሄድ ነውር መሰለውና ከጎኗ የእህል ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ያን ዕለት ብዙም አላወሩም። ባሕር ላይ ሁለት ዓመት ከኋላው ቆሞ እሳቱን የጠበቀለት አንድ የኔፓል ሰው እንደነበር፣ በአንድ ቋንቋ ሳይግባቡ እንደተዋደዱ ብቻ ነገራት። እሷም ሰዓቷን ማየት ረስታ ሃምሳ ደቂቃ ቆየች።

ብረቱ ከዚያ ወዲያ አልተሰነጠቀም። ይሄይስ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቱን አልተወም። ብረቱን ልየው ብሎ ይመጣል፤ ዙሪያውን ዞሮ ያያል፤ ከዚያ አንድ የበር ማጠፊያ፣ አንድ የሚዛን መንጠቆ፣ የሆነች የምትበየድ ነገር አትጠፋም። እሱ ይበይዳል፣ እሷ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓቷ ትመጣለች። አቶ ቢሰጥ ለጎረቤቱ ሁሉ «ውጭ አገር የተማረ ሰው ማለት ይኼ ነው፤ ሥራውን ጥሎ አይሄድም» እያሉ ይመጻደቁበታል። የዋህነታቸው አይጣል ነው።

በእነዚያ ግማሽ ሰዓቶች ውስጥ ነው ባሕሩ ወደ ወፍጮ ቤቱ የገባው።

ከባሕር ነዳጅ የሚወጣበት መድረክ መጀመሪያ የሚሠራው የብስ ላይ፣ በጎኑ ተጋድሞ መሆኑን ነገራት። ትልቅነቱን በቃል ማስረዳት ቢያቅተው ወደ ደጅ ይዟት ወጣና፣ ከመንገዱ ዳር ካለው ዋርካ እስከ ማዶው ጉብታ በእጁ አሳያት። እግሮቹ ውስጣቸው ባዶ ነው፤ ላም ቆማ ትሄድበታለች። ሁለት ዓመት እዚያ ሆድ ውስጥ እየገባ እየወጣ በየደ። እያንዳንዱ በያጅ የበየደበት ላይ ቁጥሩ ይመታል፤ የእሱ አራት መቶ አሥራ ሰባት ነበር። ከዚያ ያን ሁሉ ብረት በጀልባ አስጎትተው ወሰዱትና፣ ውኃ ውስጥ አቆሙት። አራት መቶ አሥራ ሰባት የተመታበት ብረት ወደ ጥልቁ ሲወርድ ከመርከቡ ጫፍ ቆሞ አየው።

«አሁን ማን ያየዋል?» አለችው።

«ዓሣ» አላት። «ዓሣ ደግሞ ማንበብ አይችልም።»

ሁለት ዓመት ደግሞ ውኃው ላይ ኖረ። አልጋው ብረት፣ ግድግዳው ብረት፣ እግሩን የሚያሳርፍበት ሁሉ ብረት። የመድረኩን እግር በግዙፍ መዶሻ እየመቱ ወደ ባሕሩ ወለል ሲያሰርጉት ሻይ ብርጭቆው ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። የስልክ ኔትወርክ የሚገኘው በአንዲት ማዕዘን ብቻ ስለሆነ፣ ከሥራ ሲወጡ ሁሉም እዚያች ጋ ተጋፍቶ በየቋንቋው እናቱን ያናግራል። እናቱን አፈር ያለበሰው ይሄይስ የሚደውልለት ሰው አልነበረውም፤ እንዲያው የሰው ድምፅ ለመስማት እዚያው ይቆማል። በመጋቢት ወር ደግሞ ጥቃቅን ወፎች ከአፍሪካ በኩል እየመጡ፣ ክንፋቸው ዝሎ መድረኩ ላይ ይወድቃሉ። የራስ ቁሩን ገልብጦ ውኃ ያስቀምጥላቸው ነበር። በቋሪት ላይ አልፈው የመጡ እየመሰለው፣ አገሩ ዘንቦ እንደሆነ በአማርኛ ይጠይቃቸዋል።

ይኼን ሲነግራት ፈገግ ብሎ ነው። ያን ዕለት ወደደችው። ነገሩን ከራሷ ጋር አልተከራከረችም፤ ወደድኩት አለች በልቧ፣ አለቀ።

ለምን እንደተመለሰም ጠየቀችው። መድረኩ አልቆ ነዳጁ መውጣት ሲጀምር ሠራተኞቹ በጀልባ ተጭነው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ የሠሩት ሰዎች እንዲረግጡት አይፈቀድም።

«አራት ዓመት የሠራሁትን ዞሬ እንኳ አላየሁትም» አላት። «ሠርቼ፣ ተመልሼ የማየው ነገር አማረኝ።»

ዓይኑ ብረቱ ላይ ነበር። ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ። ውጪ ዝናቡ የበቆሎውን ቅጠል ይመታል። አንቱታውን ከተወ ወር አልፎታል፤ እወድሻለሁ ለማለት ግን አፉ አልተፈታም። እሷም አላፈጠነችውም፤ የተትረፈረፈ ጊዜ ያላቸው መስሏት ነበር።

በኅዳር መግቢያ እናቷ ወይዘሮ ገላነሽ በአርባ ሦስት ዓመታቸው ወንድ ልጅ ወለዱ። ከአራት ሴቶች በኋላ። አቶ ቢሰጥ የሚሆኑትን አጡ፤ ያገኙትን ሁሉ እያስቆሙ ይነግራሉ። አንድ ቅዳሜ በርበሬ ማስጫው ላይ፣ ውዳሴና ጎረቤቶቹ ቀዩን በርበሬ እየገለበጡ ሳለ፣ ይሄይስን በሰው ፊት ጠሩት። ከባሕር ማዶ መጥቶ እንደ ልጅ የሆነኝ አንተ ነህ፣ የልጄን ክርስትና አንተ ታነሳልኛለህ አሉት።

የውዳሴ እጅ በርበሬው ላይ ቀረ። ክርስትና ያነሳ ሰው ለቤቱ አበልጅ ይሆናል፤ አበልጅ ዘመድ ነው። ይሄይስ ወንድሟን ከውኃው ከተቀበለ፣ እሷ ለእሱ እንደ ልጁ ናት። በዚያ መካከል ጋብቻ አይታሰብም፤ ያሰበም ይወገዛል። ይኼን በዚያ ቦታ የማያውቅ ሰው የለም።

ይሄይስ ፊቱ አመድ መሰለ። አንድ ጊዜ ወደ እሷ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ለአቶ ቢሰጥ እጅ ነሳ።

«እሺ፣ አያ ቢሰጥ» አለ። «ክብር ነው።»

በቀጣዩ ቅዳሜ አልመጣም፤ በሚቀጥለውም። የባጃጅ ሹፌሩ፣ ይሄይስ ከአዲስ አበባ ኤጀንሲ ደውለውለት ሌላ መድረክ ሊሠራ ለሦስት ዓመት እንደተስማማ፣ ከክርስትናው ማግሥት እንደሚሄድ አወራ። ውዳሴ ወፍጮውን አስነስታ በድምፁ ውስጥ አለቀሰች። አይወደኝም ማለት ነው አለች፤ ቢወደኝ እንዴት እሺ ይላል? ዓይኗን ስትከድን ባሕሩ አሁንም ይመጣል፣ መድረኩ ላይ ግን ሰው የለም።

አርባው ቀን እሑድ ይሞላል። ዓርብ ዕለት ከዚህ በላይ አልቻለችም። ለእናቷ ለድግሱ የጎደለ ቅመም አለ ብላ ሚኒባስ ተሳፍራ ቡሬ ገባች። ይሄይስ ብየዳ ቤቱ ውስጥ የአንድ መጋዘን በር እየበየደ ነበር። ብቻውን ነው። ከኋላው ማንም የለም። ባልዲ ፈልጋ ውኃ ቀዳችና ሄዳ ቆመች። እሱ ማስኩን እንዳጠለቀ ጥቂት በየደ፤ ከዚያ ከኋላው የቆመው ማን እንደሆነ ገብቶት አቆመ።

«አባትሽ ጨዋ ሰው ናቸው» አለ ሳይዞር። «እምቢታ እንደዚህ በክብር ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።»

«ምን እምቢ አሉህ?»

«አንቺን ነዋ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለምን እንደምመጣ ገብቷቸዋል። ሰው ሳያሳፍሩ በሩን ለመዝጋት አበልጅ አደረጉኝ። እኔም ገብቶኝ እሺ አልኩ።»

ውዳሴ ባልዲውን አስቀመጠች። ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ። አባቷ ምንም እንደማያውቁ፣ ብረቱ እንዳይሰበር ሠግቶ የሚመጣ እንደሚመስላቸው፣ ክርስትናውንም ከልብ ወደውት ብቻ እንደጠየቁት ነገረችው። አገሩ ነገርን በዙሪያ መናገር ስለሚወድ፣ አቶ ቢሰጥ ግን ያሰቡትን በቀጥታ ስለተናገሩ፣ ሰሚው የሌለውን ትርጉም ፈልጎ አገኘ። ይሄይስ ማስኩን አውልቆ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ቃል ሰጥቻለሁ፣ ውዳሴ። በሰው ፊት።»

«አውቃለሁ። እኔ ልናገርልህ አልችልም፤ ሴት ልጅ እንዲህ ስታደርግ ምን እንደሚባል ታውቃለህ። አንተ ከተናገርክ ግን ከጎንህ አልጠፋም።» በሩ ጋ ደርሳ ዞረች። «እወድሃለሁ። ይኼን ሰምተህ ከፈለግህ ባሕርህ ሂድ።»

ቅዳሜ ከሰዓት መጣ። ሊናገር እንደመጣ ገና ከግቢው በር አወቀችው። ቤቱ ግን በሰው ተሞልቷል፤ ጾም ስለነበር የሽሮውና የተልባው ድስት ተደርድሯል፤ አቶ ቢሰጥ ገና ሲያዩት አቅፈው ለእንግዳው ሁሉ ያስተዋውቁት ጀመር። ወይዘሮ ገላነሽ የልጁን ነጭ ልብስ እጁ ላይ አደረጉለት። ሦስት ጊዜ ተነሳ፣ ሦስት ጊዜ ተቀመጠ። ሲሄድ ዓይኗን ማየት አልቻለም።

እሑድ ጠዋት ብርዱ የሚቆርጥ ነበር። የሰፈሩ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ ክርስትና ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ቤተሰቡ ጋቢና ነጠላውን ተከናንቦ ተሰብስቧል። ይሄይስ በሸሚዝ ብቻ ቆሟል። ቄስ ቂርቆስ መስቀላቸውን ይዘው ወጡና የክርስትና አባቱ ይቅረብ አሉ። አቶ ቢሰጥ ሕፃኑን ከእናቱ ተቀብለው፣ ፊታቸው እያበራ፣ ወደ ይሄይስ ዘረጉት።

ይሄይስ እጁን ወደ ኋላ አደረገ።

«አያ ቢሰጥ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይኼን ልጅ ክርስትና ላነሳ አልችልም።»

የአቶ ቢሰጥ ክንድ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ምን በደልንህ?» አሉ በቀስታ።

«ምንም። ካነሳሁት ዘመድዎ እሆናለሁ። እኔ ደግሞ አማችዎ ነው መሆን የምፈልገው።» ድምፁ ተሰበረና መልሶ ያዘው። «ውዳሴን እወዳታለሁ። ባሕሩንም ትቼዋለሁ። ሽማግሌ ልኬ በወጉ መለመን ነበረብኝ። ፈራሁ፣ ዘገየሁ። ዛሬ ዝም ካልኩ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ልል ነው።»

አንዲት አክስት አፏን በነጠላዋ ያዘች። አቶ ቢሰጥ ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ውዳሴ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ቢሆንም አንድ እርምጃ ሄደች፣ ሁለተኛ ጨመረች፣ ከይሄይስ ጎን ቆመች። አንገቷን ደፍታለች፤ ከቦታዋ ግን አልተነቃነቀችም።

ሕፃኑ አለቀሰ። ቄስ ቂርቆስ ብርድ ይመታዋል አሉና፣ ከንፈራቸው ላይ ፈገግታ መሳይ ነገር ታየ።

«ቢሰጥ፣ ሰውየው ከውኃው በፊት ተናግሯል። ከውኃው በኋላ ቢሆን እኔም ምንም ላደርግልህ አልችልም ነበር።»

አቶ ቢሰጥ ጎረቤታቸውን አለማየሁን በዓይን ጠርተው በይሄይስ ፋንታ ሕፃኑን አስታቀፉት። ከዚያ ይሄይስን ሳያዩ ተናገሩ።

«አንተ ወደ ውስጥ አትግባ። እዚሁ ውጪ ቁም።»

ሁሉም ገባ። ውዳሴንም እናቷ ክንዷን ይዘው አስገቧት። ጸሎቱ ተጀመረ፤ እሷ ግን አንድም ቃል አልሰማችም። ውጪ ቁም ማለት ውጣልኝ ማለት ይሁን፣ ከአበልጅነት ተጠበቅ ማለት ይሁን፣ ልቧ ወዲያና ወዲህ አለ። በተከፈተው በር በኩል ይሄይስ ከድንጋዩ አጥር ሥር ቆሞ ይታያታል። እጆቹን በብብቱ ሸጉጧል። ለመሄድ አልሞከረም። ቀና ብላ አባቷን ስታይ፣ እሳቸውም በዚያው በር ወደ ውጪ እያዩ ነው። እንዲህ ብዙ ቆዩ።

«ያ ሰው ጋቢ አልያዘም እንዴ?» አሏት በሹክሹክታ።

«አልያዘም፣ አባዬ።»

አቶ ቢሰጥ የለበሱትን ጋቢ ከትከሻቸው አወረዱ። አጣጠፉትና ክንዷ ላይ አኖሩላት።

«ውሰጂለት። ሽማግሌ የሚላከው ጾሙ ሲፈታ ነው በይው።»

ውዳሴ በዘመድ አዝማዱ መካከል አልፋ ወጣች። ግቢውን አቋርጣ ስትሄድ የሁሉም ዓይን ጀርባዋ ላይ እንዳለ ታውቃለች፤ አልቸኮለችም። ይሄይስ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ነበር። ጋቢውን ዘርግታ ትከሻው ላይ ጣለችለትና የተላከችውን ነገረችው።

«ሌላስ? ሌላ ምን አሉ?» አላት።

«ሌላ ምንም አላሉም» አለችው። «ጋቢው ግን የራሳቸው ነው።»